ከጓዳችን፦ ፒዛ በምጣድ

ዱቄት በዱቄት ሆነን፣ ጢስ ጠጥተን ነው የሰነበትነው። ምክንያቱን አሁን እንነግራችኋለን።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፒዛ ነው። ስሙን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ከተማ ስትወርዱ በሆቴል በር ላይ ተጽፎ ያነበባችሁም ትኖራላችሁ። «ፒ» እና «ዛ»፤ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ቀምሳችሁት የማታውቁ ግን ብዙ ናችሁ።

ለመሆኑ ፒዛ ምንድን ነው? ፒዛ ክብና ስስ ዳቦ ነው። በላዩ ላይ የበሰለ ቲማቲም ይቀባል። በቲማቲሙ ላይ አይብ፣ አትክልት ወይም ሥጋ ይደረጋል። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ይጋገራል። ይኸው ነው። ዳቦው ከነማባያው አብሮ ሲበስል ፒዛ ይባላል።

ነገሩን ያመጡብን ልጆች ናቸው። አርባ ምንጭ ከተማ ሁለት ሰፈር እንዳላት ታውቃላችሁ። ላይኛው ሴቻ ነው። ታችኛው ሲቀላ ነው። በሲቀላ ዳርቻ የምንቀርበው አንድ ቤተሰብ አለ። አባወራው ሙዝ ያለማሉ። እመቤቲቱ ገበያ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ይሸጣሉ። 4 ልጆች አሏቸው። የአባወራው እናትም ከዶርዜ ወርደው አብረዋቸው ይኖራሉ። ቤተሰቡ 7 ነፍስ ነው።

ሦስተኛው ልጅ 10 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን የክፍል ጓደኛው ልደት ላይ ተጠራ። እዚያ ፒዛ ቀረበ። ለያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ቁራሽ ደረሰው። ልጁ ግማሹን በላ። ግማሹን በወረቀት ጠቅልሎ ለታናሽ እህቱ አመጣላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱም «እማዬ፣ ፒዛ ግዢልን» ይሉ ጀመር።

እመቤቲቱ ሆቴል ሄደው ዋጋውን ጠየቁ። የተነገራቸውን ዋጋ እዚህ አንጽፈውም። የገበያ ዋጋ ዛሬና ነገ አንድ አይደለምና። እሳቸው ግን በዚያ ገንዘብ ስንት ኪሎ ዱቄት እንደሚገዛ በጣታቸው ቆጠሩ። አንድ ፒዛ ለ7 ሰው እንደማይበቃም አዩ። ቤት ገብተው «አይሆንም» አሏቸው። ልጆቹም መጠየቁን ተዉት። ልጅ መጠየቅ ሲተው ደግሞ እናት ደስ አይላትም፤ ይከፋታል እንጂ። ወላጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

አንድ ማታ ልንጠይቃቸው ስንሄድ እመቤቲቱ ይህንኑ አጫወቱን።

«ቲማቲሙ የራሴ ነው። ሽንኩርቱም የራሴ ነው። ዱቄት አለኝ። ታዲያ የሚጎድለኝ ምንድን ነው?» አሉን።

«ኦቭን ነዋ፣ እማዬ!» አለች ትልቋ ልጃቸው። ኦቭን ማለት በር ያለው፣ በውስጡ የገባውን ምግብ ከየአቅጣጫው የሚያበስል ምድጃ ነው። በሆቴል ቤት ፒዛ የሚጋገረው በእሱ ነው።

አያቲቱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እንዝርቱን ሳያቆሙ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ድፎ ዳቦ የሚጋገረው በምንድን ነው? እሳት ከታች፣ እሳት ከላይ አይደለም እንዴ? ይኸ ኦቭን የምትሉት ከዚህ በምን ይለያል?»

እርስ በርሳችን ተያየን። እውነታቸውን ነው። ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ያገኛል። ፒዛም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከታች እሳት ካላገኘ ሊጡ አይበስልም። ከላይ እሳት ካላገኘ አይቡና ቲማቲሙ ጥሬ ይቀራል።

አባወራው ግን አልተዋጠላቸውም። «ይኸ የሀብታም ምግብ ነው። ለእኛ ምን ያደርግልናል?» አሉ።

ይህን ነገር እንዲሁ አናልፈውም። ፒዛ የመጣው ከጣሊያን አገር ነው። ስሙን ያስጠራችው ናፖሊ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከ200 ዓመት በፊት በዚያች ከተማ ፒዛን አዘውትረው ይበሉ የነበሩት ድሆች ናቸው። የቀን ሠራተኛው ከመንገድ ላይ ቁራሽ ገዝቶ ቆሞ ይበላው ነበር። ርካሽ ነበረና። ሀብታሙ የወደደው በኋላ ነው። በ2006 ዓ.ም. የእኛ የመስቀል በዓል በዩኔስኮ መመዝገቡን ሰምታችሁ ይሆናል። የናፖሊ ፒዛ ጋጋሪዎች ሙያም በ2010 ዓ.ም. እዚያው ተመዝግቧል።

ቲማቲሙም ቢሆን መጀመሪያ የጣሊያን አልነበረም። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው። ከ500 ዓመት ገደማ በፊት በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በቆሎና በርበሬም የመጡት ከዚያው ነው። ስለዚህ በዶሮ ወጣችንም ውስጥ እንግዳ አለ ማለት ነው። ዛሬ ግን በርበሬን እንግዳ የሚለው የለም።

አባወራው ይህን ሰምተው «እንግዲያስ ሥሩትና እንየው» አሉ።

መጀመሪያ የሠራነው አልሆነም። አንደብቃችሁም። ዱቄቱ ተቦካ። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሊጡ ንቅንቅ አላለም። ሁለት ሰዓት ጠበቅን። እንዳለ ነው። ሲቀላ ሞቃት አገር ነው። ሊጥ ፈጥኖ መነሣት ነበረበት። መሽቶ ስለነበር እንዲሁ ጋገርነው። እንደ ቁርበት የደረቀ ነገር ወጣ። ልጆቹ ዝም ብለው አኘኩት። ትንሿ ልጅ «ደህና ነው» አለች። የባሰ ያሳዘነን እሱ ነው።

ጥፋቱ የምን ነበር? የእርሾው ነበር። ከሱቅ የሚገዛው የዳቦ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ዱቄት ውስጥ ገብቶ ይራባል። አየር ያወጣል። ሊጡን የሚያነሣው ያ አየር ነው። እርሾው ከሞተ ሊጡ አይነሣም።

ትልቋ ልጅ እሽጉን ከቆሻሻ ውስጥ አንሥታ አመጣችው። እሽጉ ላይ 03/2023 የሚል ቁጥር ታትሟል። እስከዚህ ጊዜ ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ወዲያ አይሠራም ማለት ነው። እመቤቲቱ ቁጥሩን ሱቅ ውስጥ አንብበውት ነበር። ማንበብ ከተማሩ 2 ዓመት አይሞላቸውም። ሳያነቡ ግን ምንም ነገር አይገዙም። «2023 ገና ነው፤ ብዙ ዓመት ይቀረዋል» ብለው ነው የገዙት።

ያነበቡት ቁጥር ትክክል ነው። ቁጥሩ ግን በእኛ ዘመን የተቆጠረ አልነበረም። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 03/2023 በእኛ ሲቆጠር የ2015 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ነው። እርሾው ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ባለሱቁም አላስተዋለው ይሆናል። እመቤቲቱ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን በጉንጫቸው ላይ አደረጉ። «እኔ እኮ አንብቤያለሁ!» አሉ።

ውድ አንባቢዎች፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ ነገር በእናንተም ላይ ሊደርስ ይችላል። እርሾ ቢበላሽ የሚጠፋው አንድ እራት ነው። መድኃኒት ላይ የታተመውን እንዲህ ብታነቡት ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የሕፃናት ወተት ዱቄት ላይም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አቆጣጠሩን አብረን እንየው።

ከውጭ አገር በመጣ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። መጀመሪያ ወሩን እዩ። የእነሱ 01 የእኛ ጥር ገደማ ነው። የእነሱ 06 የእኛ ሰኔ ገደማ ነው። የእነሱ 09 የእኛ መስከረም ገደማ ነው። 06 ስላያችሁ 6ኛውን ወራችንን፣ የካቲትን አትቁጠሩ። ቀጥሎ ዓመቱን እዩ። የወሩ ቁጥር ከ01 እስከ 08 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሱ። የወሩ ቁጥር ከ09 እስከ 12 ከሆነ 7 ቀንሱ።

እስኪ እንሞክር። እሽጉ ላይ 04/2026 ተጽፏል እንበል። ወሩ 04 ነው። ስለዚህ ከ2026 ላይ 8 እንቀንሳለን። 2018 ይሆናል። ይህ ማለት ሚያዝያ 2018 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሌላ ደግሞ 11/2026 ይላል እንበል። ወሩ 11 ነው። ስለዚህ 7 እንቀንሳለን። 2019 ይሆናል። ኅዳር 2019 ዓ.ም. ገደማ ማለት ነው። የጥቂት ቀን መሳሳት ይኖራል። በዓመት ከመሳሳት ግን ይሻላል።

በእሽጉ ላይ ሁለት ቁጥር ታትሞ የምታገኙበት ጊዜም አለ። አንዱ የተሠራበት ነው። ሁለተኛው የሚያበቃበት ነው። በኋላ የሚመጣው ዓመት የሚያበቃበት ነው። አገር ውስጥ የተሠራ ዕቃ ሆኖ «ዓ.ም.» የሚል ከተጻፈበት በእኛ ዘመን ነው፤ ምንም አትቀንሱ። ካጠራጠራችሁ ባለሱቁን ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

እርሾ ደግሞ ሌላም መፈተኛ አለው። በስኒ ለብ ያለ ውኃ አድርጉ። ጣታችሁን ስትነክሩበት ሊያቃጥላችሁ አይገባም። የፈላ ውኃ እርሾውን ይገድለዋል። በውኃው ላይ አንድ ቆንጥር ስኳርና አንድ ቆንጥር እርሾ ጨምሩ። 10 ደቂቃ ጠብቁ። አረፋ ካወጣ ደህና ነው። ዝም ካለ ሞቷል። ከመቡካቱ በፊት ይህን ብናደርግ ኖሮ ያን ሁሉ ዱቄት ባላጠፋን ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የምንነግራችሁ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሠራነውን ነው። ለ6 ወይም ለ7 ሰው ሁለት ፒዛ ይወጣዋል።

ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት ውሰዱ። የበቆሎ ዱቄት ብቻውን አይሆንም። ስንዴ ሲታሽ እንደ ጅማት ይሳሳባል። አየሩን ይዞ የሚያቆየው ይህ ነው። በቆሎ ይህ የለውም፤ ይፈረካከሳል። ስንዴው ካጠራችሁ ሩቡን ያህል በቆሎ ብትቀላቅሉ ግን ይሠራል፤ ሞክረነዋል። በዱቄቱ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው አድርጉ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በአንድ የውኃ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጡ። አረፋ ሲያወጣ ዱቄቱ ላይ አፍሱትና አቡኩት። ካነሰው ውኃውን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። ከዚያ እሹት። 10 ደቂቃ ያህል እሹት። ልጆች ይወዱታልና እጃቸውን አስታጥባችሁ አሳሽዋቸው።

የታሸውን ሊጥ ዘይት ቀብታችሁ ከድኑት። ሲቀላ ላይ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እጥፍ ይሆናል። ቆላ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ጨንቻ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ብርድ ነው። በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ብትወጡ የሊጡ ነገር ሌላ ነው። ደጋ ያላችሁ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ጠብቁት። ወይም ከምድጃው አጠገብ አስቀምጡት። ሰዓት አትቁጠሩ፤ ሊጡን እዩ። በጣታችሁ ስትጫኑት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል።

ሊጡ እስኪነሣ ቲማቲሙን ሥሩ። 5 ወይም 6 የበሰለ ቲማቲም በደቃቁ ክተፉ። አንድ ራስ ሽንኩርትና 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በትንሽ ዘይት አቁላሉ። ቲማቲሙንና ጨውን ጨምሩ። ጥቂት በሶብላ ነስንሱበት። ጣሊያኖችም ፒዛቸው ላይ የሚያደርጉት ቅጠል የበሶብላ ዘመድ ነው። ታዲያ ቲማቲሙን በደንብ ምጠጡት። ማንኪያ ስትስቡበት የድስቱ ቂጥ ታይቶ ቶሎ ካልተሸፈነ በቅቷል። ሁለተኛው ቀን ላይ ቸኩለን ውኃውን ሳንጨርሰው ቀረን። ፒዛው መሐሉ ገንፎ ሆነ። ልጆቹ በማንኪያ በሉት። ከመጀመሪያው ግን ይሻል ነበር።

አይቡን በሚመለከት አንድ ነገር እንንገራችሁ። የሆቴሉ ፒዛ ላይ ያለው አይብ ይቀልጣል፤ እንደ ክር ይሳባል። የእኛ አይብ ግን አይቀልጥም። ምክንያቱም የእኛ አይብ ቅቤው የወጣለት እርጎ እሳት ላይ ተጥዶ ነው የሚረጋው። በሙቀት የረጋ ነገር መልሶ በሙቀት አይቀልጥም። ፈረንጆቹ ግን ወተቱን ሌላ ማርጊያ ጨምረው ነው የሚያረጉት። ልጁ መጀመሪያ «አይቡ አልተሳበም» ብሎ ቅር ብሎት ነበር። እኛ ግን አይባችንን እንመርጣለን። ርካሽ ነው። ትኩስ ነው። አንድ ስኒ ተኩል አይብ በአንድ እንቁላል ለውሱት። ጨው ጣል አድርጉበት። የተነጠረ ቅቤ ካላችሁ ትንሽ ጨምሩ። እንቁላሉ አይቡን አያይዞ ይይዘዋል። ከላይ ሲጋገር ወርቅማ ቀለም ያወጣል።

ከአይቡ ሥር ምን እናድርግ? ጋሞ ውስጥ ይህ አያስቸግርም። በየጓሮው ሽፈራው አለ። ሀለኮ የሚሉትም አሉ። በኩርኩፋ የምትበሉት ያው ቅጠል ነው። ለልጅና ለነፍሰ ጡር የሚጠቅም፣ ብረት ያለው ቅጠል ነው። ከሆቴል ፒዛ ላይ አታገኙትም። ቅጠሉን ከእንጨቱ ለዩት። በጨው ቀቅሉት። ውኃውን አጥልሉትና በእጃችሁ ጨምቁት። ከዚያ ክተፉት። ሁለት እፍኝ ይበቃል። ከዚያ ሌላ ሽንኩርትና ቃሪያ በስሱ ክተፉ። ቃሪያውን በአንደኛው ፒዛ ላይ ብቻ አድርጉት። ሁለተኛው የሕፃናቱ ይሁን።

አሁን እሳቱን አዘጋጁ። ይህን ያስተማሩን አያቲቱ ናቸው። የኮባ ቅጠል ወይም የሙዝ ቅጠል ታጠበ። በእሳት ላይ አለፍ ተደረገ። እንዲህ ሲደረግ ይለሰልሳል፤ አይቀደድም። ሲቀላ ላይ ሙዝ ሞልቷል። ደጋው ደግሞ እንሰት አለው። ምጣዱ ተጣደ። ሌላ ብረት ምጣድ ለክዳን ተዘጋጀ። ብረት ምጣድ የሌላችሁ ወፍራም ላሜራ ይሆናችኋል። ከሣርና ከእበት የተሠራ አክንባሎ ላይ ግን ፍም አታድርጉ፤ ይቃጠላል።

ሊጡን ለሁለት ክፈሉት። አንዱን በቅጠሉ ላይ በእጃችሁ ገፍታችሁ አስፉት። ውፍረቱ የትንሽ ጣታችሁን ግማሽ ያህል ይሁን። ጠርዙ ትንሽ ከፍ ይበል። ምጣዱ ሲግል ከነቅጠሉ አስገቡት። 4 ደቂቃ ያህል ከድኑት። ከዚያ ገልብጡት። ቅጠሉን ላጡት። አሁን የበሰለው ፊት ወደ ላይ ሆኗል። ቲማቲሙን በዚህ ፊት ላይ ቀቡት። ሽፈራውን በትኑ። ሽንኩርቱንና ቃሪያውን አድርጉ። አይቡን በማንኪያ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ክዳኑን መልሱ። በክዳኑ ላይ ፍም አድርጉ። ከታች ያለውን እሳት ቀንሱት። ይህን አትርሱ። ከታች ሲበዛበት ሥሩ ያራል። ከላይ ግን ፍሙ ይብዛ። 10 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። አይቡ ወርቅማ ሲሆን አውጡት።

ስለ እሳቱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በከሰል የምትጋግሩ ከሆነ በርና መስኮት ክፈቱ። ከሰል የማይታይና የማይሸት መርዘኛ አየር ያወጣል። በተዘጋ ቤት ሰው ተኝቶ እንዲቀር የሚያደርገው እሱ ነው። ሲጨርሱ ፍሙን ውጭ ማውጣት ነው። ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል ቤት ውስጥ አስቀምጣችሁ አትተኙ።

በሦስተኛው ቀን አያቲቱ ክዳኑን ሲያነሡት የበሶብላው ሽታ ቤቱን ሞላው። ፒዛው እንደ ድፎ ገበታ ላይ ወጣ። እመቤቲቱ በቢላዋ 8 ቦታ ቆረጡት። ሁለተኛው ሲደርስ ሌላ 8 ተቆረጠ። 16 ቁራሽ ለ7 ሰው ማለት ነው። ለያንዳንዱ ሁለት ሁለት ደርሶ ሁለት ተረፈ። ልጁ እንደ ልደቱ ቀን ግማሹን ጠቅልሎ አላስቀመጠም። ሁለቱንም በላ። አባወራው መጀመሪያ «ይኸ እኮ ቂጣ ላይ ወጥ ማፍሰስ ነው» ብለው ሳቁ። ሁለተኛውን ቁራሽ ሲያነሡ ግን ምንም አላሉም። ከተረፈው አንዱን እመቤቲቱ ለጎረቤት ላኩ። አንዱን አያቲቱ ለጠዋት አስቀመጡ።

በጾም ቀን አይብና እንቁላሉን ተዉት። ሽፈራው፣ የተቀቀለ ድንችና ሽንኩርት ይበቃል። ከጫሞ ሐይቅ የመጣ አሳ ካገኛችሁም ጥሩ ነው። አሳ በጾም ይበላል፣ አይበላም በሚለው እኛ አንገባም፤ በየቤቱ የሚታወቅ ነው። ነጭ አሳ ይሻላል። ቆሮሶ እሾሁ ይበዛል። የትኛውም ቢሆን ቀቅላችሁ እሾሁን አንድ በአንድ ልቀሙ። በደንብ ፈልፍላችሁ ከቲማቲሙ ላይ በትኑት። ለልጅ ስትሰጡ ደግማችሁ በጣታችሁ ዳሱት።

ደጋ ያላችሁ ደግሞ ስንዴ ከሌላችሁ በቆጮ መሥራት ይቻላል። ቆጮ አይነሣም፤ እርሾም አይፈልግም። የዶርዜ እናቶች ቆጮን በኮባ ቅጠል መሐል ዳምጠው ምጣድ ላይ ይጋግሩታል። በማርና በዳጣ ለእንግዳ ያቀርቡታል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በስሱ ዳምጡት። ሁለቱንም ፊት አብስሉት። ከዚያ ቲማቲሙንና አይቡን አድርጋችሁ ከላይ ፍም ስጡት። የቆጮው መኮምጠጥ ከቲማቲሙ ጋር ይስማማል። አያቲቱ ይህንኛውን ነው የወደዱት። «ያኛው የልጆቹ ነው፤ ይኸ የእኔ ነው» ብለዋል።

እመቤቲቱ በሚቀጥለው ገበያ ቀን አዲስ እርሾ ገዙ። ሱቁ በር ላይ ቆመው ወሩን አዩ፤ ከዓመቱ ላይ 8 ቀነሱ። ቤት ሲገቡ ከታተመው ቁጥር ጎን የእኛን ወርና ዓመት በእስክሪብቶ ጻፉበት። የቀረውን እርሾ በጥብቅ አሥረው ከሙቀት ራቅ ባለ ቦታ አስቀመጡት። አንድ እሽግ ለብዙ ጊዜ ይሆናል።

ያደረ ፒዛ ሲሞቅ ከታች በቀስታ እሳት ብቻ ይሞቅ። ውኃ አታርከፍክፉበት። ክዳን ግን ይኑረው። አሳ ያለበት ከሆነ ሲቀላን በመሰለ ሙቀት አታሳድሩት፤ ማታውኑ ጨርሱት።